ቅባት የጠጣ ፍሬን

(ደሴ። አቶ አበጋዝ ከብስክሌት መጠገኛቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ የልጃቸው የሉባባ ባል ሙሄ የውሃ መሳቢያ ሞተር የገጠመባትን ብስክሌት ይዞ ቆሟል።)

ሙሄ፦ እኔ የለመንኩዎት የፍሬኗን ላስቲክ እንዲቀይሩልኝ ብቻ ነው። ጎማዋን ይፍቱልኝ አላልኩም።

አበጋዝ፦ ይህ ጣቴ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ሙሄ፦ ቅባት።

አበጋዝ፦ ከፍሬኑ ላይ ነው የጠረግኩት።

ሙሄ፦ በያዝኳት ቁጥር እንደ ፍየል ትጮህ ነበር። ሰው እየዞረ ይስቃል። ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አደረግኩባት፣ ዝም አለች።

አበጋዝ፦ መያዙንም ተወች።

ሙሄ፦ ትዘገያለች እንጂ ትይዛለች።

አበጋዝ፦ አርባ ዓመት ብስክሌት ስፈታ ፍሬን የቀባ ሰው አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝም የገዛ አማቼ ሆነ። ጨርቁን አቀብለኝ፣ እጄ ቀፈፈኝ።

ሙሄ፦ እሺ፣ አጠፋሁ። አዲስ ላስቲክ ይግጠሙልኝና ልሂድ።

አበጋዝ፦ ላስቲክ በእግር ለሚነዳ ነው። ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጎማ መሃል ብረት ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የወጣ ነው። ፍሬኑ ብረቱ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚይዘው፤ ጭቃም ዘይትም አያገኘውም። እሱን እገጥምልሃለሁ። ሦስት ቀን እዚህ ተዋት።

ሙሄ፦ እሱማ ድስት ያክላል። እንዴት ተሸክሜው ፒያሳ እታያለሁ? ደግሞ ይከብዳል፣ ፍጥነት ይገድላል።

አበጋዝ፦ ፍጥነት የገደለው ሰው ቀብሬ አውቃለሁ። የሞተ ፍጥነት ግን አልቀበርኩም።

ሙሄ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ሉባባ በምን ትሄዳለች? ኮምቦልቻ ፈረቃዋ አንድ ሰዓት ነው የሚገባው።

አበጋዝ፦ የሐረጎን ቁልቁለት በዚህች ነው የምታወርዳት?

ሙሄ፦ ሌላ መንገድ አለ እንዴ? ከባሰብኝ ጎማውን በጫማዬ እጫነዋለሁ።

አበጋዝ፦ እስቲ እግርህን አንሳ።

ሙሄ፦ ምነው?

አበጋዝ፦ ተረከዝ የለውም።

ሙሄ፦ ጫማ ያልቃል፣ አባባ።

አበጋዝ፦ ባለፈው ሉባባ ክንዷን አስራ መጣች። ከደረጃ ወደቅኩ አለችኝ።

ሙሄ፦ አዎ... ከደረጃ ነው።

አበጋዝ፦ ቤታችሁ ደረጃ የለውም። ቆርቆሮውን የመታሁላችሁ እኔ ነኝ።

ሙሄ፦ ወላሂ እኔ አይደለሁም እንዲህ በይ ያልኳት። «አባቴ ከሰማ ብስክሌቷን ይሰባብራታል» ብላ ራሷ ናት።

አበጋዝ፦ ዋሽቶ የማያውቅ አፍ ነበራት። እሱንም ቀባኸው።

ሙሄ፦ አንዴ ነው የወደቅነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሁልጊዜ ከፈሩማ...

አበጋዝ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልም ይባላል። በል ተወው። ላስቲኩን እገጥምልሃለሁ።

ሙሄ፦ እድሜ ይስጥልኝ።

አበጋዝ፦ አሁኑኑ። ከዚያ እኔ ከኋላህ እቀመጥና ሐረጎን አብረን እንወርዳለን።

ሙሄ፦ እርስዎ?

አበጋዝ፦ ምን አለብኝ? ከሉባባ አልከብድም።

ሙሄ፦ ኧረ ይቅርብዎ። ዛሬ ከባድ መኪና ይበዛል።

አበጋዝ፦ ለእሷ ጊዜ መንገዱ ባዶ ነው?

ሙሄ፦ እርስዎን የሚያህል ሰው ጥዬ ለአገሩ ምን እላለሁ?

አበጋዝ፦ ከደረጃ ወደቀ በላቸው። ላስቲኩን ላምጣው?

ሙሄ፦ ይተዉት። ያንን ድስት... እኔ ላውርደው፣ እርስዎ አይንጠራሩ።