ከጥፋት ውኃ በፊት የነገሠ ንጉሥ

ፈብሮንያ ከቄና ከተማ ወደ መንደሯ ስትመለስ የኔታ ቢሳዳን አባይ መሻገሪያው ጀልባ ላይ ያገኘቻቸው እንዲያው በአጋጣሚ ነበር። ሽማግሌው የመንደራቸው የነግ ሰምዓን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ እሷን ጨምሮ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ። እሷ ደግሞ ካይሮ የጥንት ታሪክ ተምራ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። እግራቸው ሥር አንድ ከረጢት ኖራ አየች።

«የኔታ፣ ቤት ሊያስለስኑ ነው?»

«ቤቴስ ደህና ነው። የማስለስነው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ነው፤ ያንን ጭልፊት የተቀረጸበትን ድንጋይ።»

የፈብሮንያ ፊት ደም መሰለ። ድንጋዩ ከፈረሰ የጥንት መቃብር መጥቶ ከግድግዳው ጋር የተገነባ ሲሆን የአንድ ንጉሥ ስም ተቀርጾበታል። በቀደም ዕለት ልጆቹን ከፊቱ አቁማ፣ ይህ ንጉሥ ከነገሠ አምስት ሺህ ዓመት ግድም ይሆነዋል ብላ አስተምራ ነበር።

«ድንጋዩ ምን አደረገዎት?»

«ድንጋዩማ ምን ያደርገኛል! ያንቺ ምላስ ነው እንጂ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ የተሰቀለውን የዘመን ሰሌዳ አይተው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹የኔታ፣ የጥፋት ውኃ ከወረደ አራት ሺህ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው ይላል። ታዲያ ይሄ ንጉሥ ዋናተኛ ነበር እንዴ?›»

ቀዛፊው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የኔታ ገላመጡት።

«አየሽ? መጽሐፉን መሳቂያ አደረግሽው። ፈረንጅ የቆጠረውን ዘመን ተሸክመሽ መጥተሽ በሙሴ ላይ ትነሺ? የሰበካ ጉባኤው ወስኗል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይለሰናል።»

«ይወስን። እኔም ፊቱ እቆማለሁ። መጀመሪያ እኔን ይለስኑኝ!»

የተማረ ሰው አገሩ ሲገባ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዝም ቢል እንጀራው አይነካበትም፤ ቢናገር ያሳደጉት ሰዎች ይቀየሙታል። ፈብሮንያ ያን ሌሊት ብትፈራም በማግስቱ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቆማ ተገኘች። ኖራው ተበጥብጧል። የጉባኤው ሰብሳቢ ባሲሊ ኤፈንዲ ጣቱን ቀስሮባት «ዞር በይ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ ክፍል እንዳትገቢ!» አላት።

«ክፍሉን ይቀሙኝ፤ ድንጋዩን ግን አልለቅም። የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት ስንት ዓመት ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ?»

«አምስት ሺህ አምስት መቶ። ይሄም ጠፋሽ?»

«ሰሌዳው ስንት ይላል?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «አራት ሺህ… አራት ሺህ ከምናምን።»

«ሰሌዳውን ማን አመጣው?»

«ሚሲዮኖቹ ናቸው፤ ከባሕር ማዶ።»

«ታዲያ የፈረንጅ ቁጥር የተሸከመው ማነው፣ እኔ ነኝ እርስዎ? የገዛ አያቶቻችንን ዘመን በእነሱ ልክ ቆራርጠው ሰጡን፤ እኛም ተቀብለን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። በአባቶቻችን ቁጥር ከሄድን የጥፋት ውኃው ከወረደ ከአምስት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ያልፋል። ይህ ንጉሥ ከኖኅ በኋላ ነው!»

ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታም ፊታቸው በራ። «በይ እንዲህ አትይም ኖሯል! አለቀ፣ ታረቅን።»

እዚህ ላይ ብታቆም አሸንፋ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር። እሷ ግን ሽማግሌውን ልታታልላቸው አልፈለገችም።

«አላለቀም፣ የኔታ። ከኋላችን በረሃው ላይ ከዚህ ንጉሥ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ መቃብሮች አሉ። በየትኛውም ቁጥር አይገቡም። በረሃውን ሁሉ ሊለስኑት ነው?»

የኔታ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «ታዲያ ሙሴ ዋሸ ልትይኝ ነው?» አሉ።

«አላልኩም። አዳም ልጁን ሴትን ሲወልድ ዕድሜው ስንት ነበር?»

«በእኛ ሁለት መቶ ሠላሳ።» ትንሽ አመነቱና «በዕብራይስጡ መቶ ሠላሳ» ብለው ጨመሩ።

«የመቶ ዓመት ልዩነት! አባቶች ይህን ሳያዩ ቀርተው ነው? አይተዋል፤ ግን በዚህ ምክንያት አልካዱም፣ ገጹንም አልቀደዱም። እምነታቸውን በዓመት ቁጥር ላይ አላንጠለጠሉትም። እኛ ድንጋይ የምናነበውም እንሳሳታለን፤ የአንዳንዱ ንጉሥ ዘመን እስከ ዛሬ ያከራክረናል። ስሳሳት ልጆቹ ፊት አርማለሁ። የሸፈንኩባቸው ቀን ግን ሁለታችንንም አያምኑንም፤ እኔንም፣ እርስዎንም።»

ባሲሊ ኤፈንዲ ትዕግሥቱ አልቆ «ወሬው ይብቃ፣ ለስኑት!» ብሎ ጮኸ።

ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ሰው በሕዝብ ፊት ሐሳቡን መለወጥ እንዴት እንደሚከብደው የቀመሰው ያውቀዋል። የኔታ ቢሳዳ ግን በትራቸውን ተመርኩዘው ሄዱና ከፈብሮንያ ጎን ቆሙ።

«ባሲሊ፣ ፊደል ያስለየሁህ ሰው ነኝ፤ አትጩህብኝ። የሚለስን ካለ እኔንም ጨምሮ ይለስን!» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እውነቱን ልንገራችሁ? ድንጋዩ ምንም አልበደለኝም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ፤ አፈርኩ። በማፈሬ ነው ዓይናቸውን ልሸፍን የተነሣሁት።» ከዚያ ፈብሮንያን በጎን አይተው «አንቺም ብዙ ደስ አይበልሽ! ባሕር ውስጥ የሰጠመው ፈርዖን የትኛው እንደሆነ ገና እንሟገታለን።»

«በደስታ፣ የኔታ።»

በእርግጥም ተሟገቱ። ሁለቱ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ፊት ተቀምጠው፣ እሳቸው ከኦሪቱ፣ እሷ ከድንጋዩ እያነበቡ ይከራከሩ ጀመር። ባሲሊ ኤፈንዲ አኩርፎ ልጁን ቢያስቀርም ልጁ በትምህርት ቤቱ መስኮት እየሰማ አላስቀምጥ ስላለው መለሰው። የመንደሩ ሰው የጥንት መቃብር ጡብ እያፈረሰ ለማዳበሪያ ማሳው ላይ መበተኑን ተወ። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተው ከተማ የገቡ ልጆችም በመጽሐፋቸው የሚያፌዝ ሲገጥማቸው አልተሸማቀቁም፤ የተቆፈረ ነገር ባዩ ቁጥርም አልደነገጡም። ክርክርን እንደ ቤተሰብ ነገር ለምደውታልና።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ተነሥታ «የኔታ፣ እንዲህ እየጠየቅን እግዚአብሔር አይቆጣንም?» አለቻቸው።

የኔታ ቢሳዳ ሳቁ። «እሱማ መች ተቆጣ፣ ልጄ። የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ። ጠይቂ!»