ለቤት የተቀመጠ ረሃብ

ሾፌሩ ዘሩ ጅቡቲ ገብቶ ጭነት መጠበቅ ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ያን ዕለት ቀበቶውን አዲስ ቀዳዳ ሊያስበሳ ወደ ጅቡቲው ምኒልክ አደባባይ ወጣ። ጫማ ሰፊው ፊት እንደቆመ ዓይኑ ጭልም አለበትና ግድግዳ ተደገፈ። ክንዱን የያዘችው የድሬዳዋ ጎረቤቱ የነጋዴው የኡበይድ ልጅ ናዒማ ነበረች፤ ስለ አመጋገብ ተምራ በቅርቡ የተመለሰች፣ በአባቷ ንግድ ጅቡቲ የምትመላለስ ወጣት ናት።

«ጋሽ ዘሩ፣ ዛሬ ምን በሉ?» አለችው አጠገባቸው ካለው ካፌ ደጃፍ እያስቀመጠችው።

«ውሃ። ጅቡቲ ስገባ አፌን እዘጋለሁ። ከሰዓት ጫቴን ስቅም ረሃቡ ይተኛል። ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎኝ የለ?»

«ባለፈውም አስበስተው ነበር፤ አይቼዎታለሁ።»

«ድሬ ቤቴ ደርሼ ስመለስ ቀበቶው ጠበበኝ።»

ናዒማ ሳቀች። እሱ ግን መረታት አልወደደም። «መኪና ጭነቱ ሲራገፍ አይቀለውም?»

«ባዶ ተሳቢ ንፋስ ሲመታውስ?»

ባዶ ተሳቢ በንፋስ እንደሚገለበጥ ከእሷ ይልቅ ዘሩ ያውቀዋል።

«አባቴ ስኳር ሊጠፋ ነው ሲሉት መጋዘኑን ይሞላል» አለች። «ሰውነትም እጥረት ካየ እንደዚያው ነው። የልብም ነገር አለ። እዚህ ‹አንድ ጉርሻ ከቀመስኩ ፈረሰ› ይላሉ። ቤትዎ ገብተው ሲቀምሱ ደግሞ ‹አንዴ ፈርሷል› ብለው ትሪውን ያጸዳሉ። ሆዳም የሚያደርግዎት ክልከላው ነው።»

«እንግዲህ ሆዳም አልሽኝ።»

«የትሪውን ነገር እትዬ አዳነች ናቸው የነገሩኝ።»

የሚስቱ ስም ሲነሳ የዘሩ ድምፅ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም። ስትናፍቀኝ ከርማ ያቀረበችውን ሁሉ በልቼ ላስደስታት ነው ረሃቤን የማኖረው። ሌላ ምን ይዤላት እገባለሁ?»

ስንት ሰው ናፍቆቱን ለሆዱ አደራ ይሰጣል! ሆድ ግን ሁለቱን አይለይም፤ ሲርበውም ሲናፍቀውም የሚጠይቀው ያንኑ እንጀራ ነው።

«እትዬ አዳነች የሚጠብቁት የራበ ሰው ነው ወይስ የሚደርስ ሰው?» አለች ናዒማ።

«ባለፈው እየነዳሁ ዲኪል ከተማን አለፍ እንዳልኩ ዓይኔ እንዲሁ ጨልሞብኝ ከመንገድ ወጥቼ ነበር። ለአዳነች አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው እዚህም በሰዓትዎ ጥቂት ይብሉ፤ ጫት ምሳ አይሆንም። እዚያም የሚወዱትን አይተዉ፣ ሲጠግቡ ግን ያቁሙ። አንድ ቀን ቢበዛብዎ ቀጣዩን ማዕድ እንደወትሮው ይቅረቡ እንጂ ራስዎን አይቅጡ። የሚቀንሱት በዝግታ ነው፤ ግን ተመልሶ አይመጣም። መሪ ሲይዙም ዓይንዎ አይጨልምም።»

ፉልና ዳቦ አዘዘችለት። አንዴ ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ቁራሽ ግን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ይደውሉላቸው» አለችው።

አዳነች ስልኩን አነሳች። «በላህ?» አለችው፤ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ይህንን ነው፣ ሁልጊዜ የሚዋሻትም በዚሁ ነው።

«እየበላሁ ነው።»

«ያለ እኔ?»

«ያላንቺ አልወርድ ስላለኝ ነው የደወልኩት።»

«እኔም አንተ ከወጣህ ወዲህ በወጉ ማዕድ አልቀረብኩም። ቆይ፣ ሳህን ላምጣ። እንዳትዘጋው።»

ዘሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ፣ ድሬዳዋ ላይ የጓዳው በር ሲከፈት ሰማ።