ኮት መልበስን ያስተማሩ መምህር

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን በበኩር ልጅነት ተወልደው፣ በአባታችን ጠባብ ሱቅ በጨርቅ ቁርጥራጭ ሲጫወቱ ያደጉ፣ የቤታችንን ሬዲዮ ፈተው ሲገጥሙ አንድ ብሎን የተረፋቸው ሰው ነበሩ። ሬዲዮው ሠርቷል፤ የዚያችን ብሎን ጥቅም ሳያውቁ መሄዳቸው ግን ሳይቆጫቸው አይቀርም።

ዩኒቨርሲቲ የገቡት ሒሳብ ሊያጠኑ ቢሆንም፣ ኮምፒውተር ካዩ በኋላ ልባቸው ወደዚያው ሸፍቶ፣ ተመርቀውም እዚያው በመምህርነት ቀሩ። ባልደረቦቻቸው ከፍ ከፍ ያሉትን ኮርሶች ሲሻሙ፣ እርሳቸው ተማሪ ማሰብ የሚለምደው መግቢያው ላይ ነው ብለው የአንደኛ ዓመቱን የፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ ለምነው ወሰዱ።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አባታችን የሰፉላቸውን ቡናማ ኮት ወንበር ላይ ጥለው፣ ተማሪዎቹን ኮት እንዴት እንደሚለበስ መመሪያ ያስጽፉና የተጻፈውን እንደ ኮምፒውተር ቃል በቃል ይፈጽማሉ፤ እጅ ይግባ ከተባለ በእጅጌው ጫፍ በኩል ያስገባሉ፣ ይቆለፍ ከተባለ ሳይለብሱ ይቆልፋሉ። ሳቁ ሲበርድ፣ ኮቱ ካልተለበሰ ጥፋቱ የለባሹ ሳይሆን የመመሪያው እንደሆነ፣ ራስን ከመስደብም የቱ ጋ እንደተበላሸ መፈለግ እንደሚሻል ያስረዳሉ። «ጋሼ ኮት» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው፤ የተቆጡ መስለው በሆዳቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። እርሷም ኮርሱን ከወሰደች ወዲህ ዕቃ እጠቢ ስትባል የቱን፣ በምን፣ እስከ መቼ እያለች እናቷን አስመርራለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ስትሮክ መታቸው። ንግግራቸው ቢመለስም እጃቸው መልበስን ረሳ፤ ልጃቸው ስታለብሳቸው እያፈሩ ከሰው ሸሹ። አንድ ምኞት ብቻ ቀራቸው፤ ያንን ትምህርት አንዴ ደግመው ማስተማር።

ዩኒቨርሲቲው ፈቀደላቸውና ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣ ሳለ ተማሪዎቹ የጻፉት መመሪያ ሲነበብ፣ ወንድሜ እጅጌውን ፈልገው አጡት። ክፍሉ እንደ ወትሮው ሳቀ። ልጃቸው ቀልድ አለመሆኑን አውቃ ልትነሳ ስትል በእጃቸው ከለከሏት፤ ለተማሪዎቹም መታመማቸውንና የእውነት እንዳቃታቸው ነገሯቸው። ሳቁ ቆመ። ላልብስዎ ብሎ የተነሳ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ኮሌታው በየትኛው እጅ ይያዝ፣ ገበሩ ወደየት ይዙር እያሉ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው እያረመ፣ ባቃታቸው ቁጥር መመሪያውን እንጂ እርሳቸውን ሳይወቅሱ፣ ወንድሜ ኮቱን እስከ መጨረሻው ቁልፍ በገዛ እጃቸው ለበሱት። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ያንኑ መመሪያ ስታነብላቸው፣ ራሳቸው ለብሰው ይወጡ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋትም ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆልፈው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውንና የማይቆጠሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ያለ እርሳቸው መኖር ባቃተን ቀን፣ ራሳችንን ሳንወቅስ ከመጀመሪያው መስመር እንድንጀምር ፈጣሪ ብርታቱን ይስጠን፤ የእርሳቸውንም ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።