የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ

«ታዲያ ይህን ጉድጓድ ያስቆፈርኩት ለጌጥ ነው?» ብሎ ጮኸ አባዬ። እማዬ ለትንሹ ወንድሜ ለአብዲ መጠጫ ብላ ከባለጋሪ የምንጭ ውሃ መግዛቷ ነው ያናደደው። «ጤና ጣቢያ የነገሩኝን ነገርኩህ እኮ! እዚህ ቡልቡላ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ የልጅ ጥርስ ያበላሻል» አለችው። «እኔስ? ይኸው ስንት ዓመት ጠጣሁት፣ ጥርሴ ምን ሆነ?» «አንተማ ያደግኸው የአሰላን ውሃ ጠጥተህ ነዋ! እዚህ የተወለደችው እሷ ናት» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ፣ እስቲ ሳቂለት።»

እኔ ሰው ፊት ስስቅ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው። አባዬ ጥርሴ የበለዘው ስለማልፍቅ ይመስለው ነበር። «ሰነፍ! የሴት ልጅ አፍ እንዲህ ይሆናል?» ባለኝ ቁጥር ድዴ እስኪደማ በከሰል እፍቃለሁ። «ሳቂ እንጂ!» አለች እማዬ። እጄን አወረድኩና አሳየሁት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጥርሴን አየ። እንደልማዱ «ሰነፍ!» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን አብዲ ከባልዲው ጨልፎ በኩባያ የያዘውን የጉድጓድ ውሃ ከእጁ ተቀብሎ መሬት ላይ ደፋውና ከግቢው ወጣ።