የአያቴ ድንኳን

በማግስቱ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአንድ ሚኒባስ ታጭቀን ጢስ ዓባይን ልናይ፣ ፏፏቴው አካባቢም ድንኳን ተክለን ልናድር ነበር። ደስታው ቤቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶታል። አያቴ ግን «ሳልሞክረው ሜዳ ላይ አልተኛበትም» ስላለች፣ የተዋስነውን ትልቅ ድንኳን ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ተከልንላት። እኔና እሷ ገብተን ፍራሹ ላይ ጋደም ከማለታችን ጎረቤታችን አስናቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ግቢ ገባች። ለካ ከአጥሩ በላይ የድንኳኑን ጫፍ አይታ አያቴ የሞተች መስሏታል። ነገሩን ላስረዳ ብዬ ስነሳ አያቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ቆይ እስቲ፣ ምን እንደምትለኝ ልስማ።»

«እማማዬ፣ ጢስ ዓባይን ሳያዩ!» አለች አስናቀች። «ትንሽ ቁጡ ቢሆኑም ልብዎ እኮ ንጹሕ ነበር።» እኔ ሳቄን ለማፈን ትራስ ነከስኩ። አያቴ የድንኳኑን ዚፕ ከፍታ አንገቷን ብቅ አደረገች። «መቼ ነው የተቆጣሁሽ?» አስናቀች እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ። «በይ ተነሺ፣ ነጠላሽን አስተካክይና ስንቅሽን ቋጥሪ» አለቻት አያቴ። «ለአንቺ የሚሆን ቦታ አናጣም። ሙሾሽን መንገድ ላይ እናርመዋለን።»