ያልፋል? ማን ላይ?

ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ መጀመሪያ እዚህ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመጡ ዕለት በስብሰው ነበር የገቡት። በር ላይ የነበረው ጥበቃ፣ "ሰውዬ፣ ዣንጥላ የለህም እንዴ?" ይላቸዋል። "የአየር ትንበያውን አምኜ ነዋ የወጣሁት" ይሉታል። "አይ፣ አዲስ ገቢ መሆንህ ያስታውቃል" አላቸው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲተነብዩ ኖረው፣ ዛሬም በጠራራ ፀሐይ ዣንጥላ ይዘው መጥተዋል። ወንበራቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ ዞር ብላችሁ እዩት።

ለእንግዶች ልንገር፤ እኛ "ጋሽ ማን ላይ" ነው የምንላቸው። አንዳችን "ዝናቡ ወደ ምሥራቅ ያልፋል" ብለን ከጻፍን ቀይ እስክሪብቷቸውን ያወጣሉ። "ያልፋል? ማን ላይ?" ባለቤታቸው እዚህ ናቸው፣ ይመስክሩ። አንድ ቀን ጋሼን እግራቸውን አሟቸው ባለቤታቸው "አይዞህ፣ ያልፋል" ቢሏቸው፣ እሳቸውንም "ማን ላይ?" ብለው ጠየቋቸው አሉ።

ነጎድጓድ እንዴት እንደሚሽከረከር የሚያስረዱባት እርሳስ ደግሞ አለች። በሁለት መዳፋቸው መሃል ያጋድሟታል። የታችኛው እጅ መሬት ለመሬት የሚሄደው ዘገምተኛ ነፋስ ነው፤ የላይኛው ከፍ ብሎ በሌላ አቅጣጫ የሚሮጠው። "ሁለቱ ካልተስማሙ መሃል ያለው አየር ተኝቶ ይንከባለላል። ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃት አየር ሲያነሳው ደግሞ ቆሞ ይሽከረከራል። አለቀ።" ካፌ ውስጥ እርሳስ ሲያጡ በማንኪያ ያስረዳሉ። ማንኪያዋን ኪሳቸው ከተው ይወጣሉ፤ የካፌዋ ኃላፊ ዛሬ ኪሳቸውን ብትፈትሽ አልፈርድባትም።

አሁን እስከ ዛሬ ያልተናገርኩትን ልናገር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ያ ነጎድጓድ የመጣ ቀን፣ "ከከተማው በስተሰሜን ያልፋል" ብሎ የጻፈው ሰው እኔ ነኝ። ራዳሩ ላይ ደመናዎቹ ሁሉ ተከታትለው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ አይቼ ነው። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው፣ "አንዱ ዘግየት ብሎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ከተማው ታጥፏል" አሉኝ።

"ትንሽ ነው" አልኳቸው።

"መሬት ላይ ቆመህ አትየው። ደመናው ላይ ተቀመጥና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣብህ አስብ። መንገድ ሲቀይር እኮ የሚገባለት ነፋስም ይቀየራል። አሁን ያንን የሚንከባለል አየር ፊት ለፊት እየጎረሰው ነው፤ ሽክርክሪቱ ገና ይጠነክራል።" ከዚያ ወረቀቴን አነሱ። "ያልፋል? ማን ላይ?"

በአዲሱ መንገዱ ላይ የነበረው የልጄ ትምህርት ቤት ነው። የዚያን ቀን ሜዳው ላይ ሩጫ ነበራት። ጋሼ ይህን አያውቁም። ወዲያው ስልኩን አንስተው ርእሰ መምህሩን "ልጆቹን አሁኑኑ ክፍል አስገባ" አሉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሜዳው ዳር መጠለያ የቆርቆሮ ጣሪያ አስፋልት ተሻግሮ ተገኘ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ሪፖርቱ ላይ "ትንበያው ተሻሽሏል" ብለው ብቻ ጻፉ። ማን እንደተሳሳተ አልጻፉም፣ ለማንም አላወሩም። ዘጠኝ ዓመት ዝም አሉልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ለማለት ሽኝትዎን መጠበቅ አልነበረብኝም።

እስቲ ብርጭቋችንን እናንሳ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ቤተሰብዎ ደስ ይበለው። ክፉ ክፉው ሁሉ ይለፍ። ቀና ብለው እያዩኝ ነው፤ ምን ሊጠይቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ላይ ሳያርፍ፣ ጋሼ።