የላጲሶ ፊያት ስትጮኽ
በደርግ ጊዜ ነው፣ አዋሳ። ጓደኛዬ መካኒኩ ላጲሶ የፊያቱን ሞተር አድሶ ሲጨርስ አላረፈም። ከተጣለ የናፍጣ ማሽን የፈታውን ሱፐርቻርጀር፣ ያንን ለሞተር አየር በግድ የሚያጎርስ ዕቃ፣ ገጠመላት። ልንሞክራት በሻሸመኔ መውጫ ወጣን። ላጲሶ ቤንዚኑን ሲረግጠው መኪናዋ ልክ እንደ ባለሥልጣን አጃቢ ሳይረን ጮኸች። የኬላው ጠባቂ ገመዱን ጥሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠን። ፍተሻ የለ፣ መታወቂያ የለ። እኔ ደስ አለኝ።

ላጲሶ ግን ጴንጤ ነው፤ አይዋሽም። ስንመለስ ኬላው ጋ አቆመና፣ "ወንድሜ፣ እኛ ባለሥልጣን አይደለንም። ቅድም የጮኸው ሞተሩ ነው" አለው። በቃ ታሰርን ብዬ፣ እስር ቤት የማያስገቡትን የሱሪ ቀበቶዬን መፍታት ጀመርኩ። ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ። "ባለሥልጣን በሰላም አለፈ ብዬ ለአለቃዬ በስልክ ተናግሬያለሁ" አለ። "አሁን ማንም አይደለንም ብትሉ እኔ ምን ልባል ነው?"

"እና ምን እናድርግ?" አልኩት እኔ።

"ወደ ኋላ ሂዱና እያስጮሃችሁ እለፉ።"

ሄደን እያስጮህን መጣን። ገመዱን ጣለ፤ ሰላምታውንም ሰጠ። ላጲሶ እጁን ከመሪው አላነሳም። እኔ ግን ቀበቶዬን እንደፈታሁ አጸፋውን መለስኩ።